ላጲስና ወረንጦ

ሰኞ፣ ጥቅምት 16

ዛሬም ላጲስ ገዛሁ። ሦስተኛዬ ነው በዚህ ወር። ባለሱቁ፣ የት/ቤት ልጅ በአንድ ላጲስ ዓመቱን ሲጨርስ እናንተ ቤት ምን ትፍቃላችሁ አለኝ። ባሌን ጠይቀው ልለው አማረኝ። ዋጥኩት። የዶክተር ሚስት ሱቅ ደጃፍ ቆማ ባሏን አማች መባል አልፈልግም።

አንቺ ደብተር ግን ሱቅ አይደለሽም። ስሚኝ።

ያ ቅጽ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሞላው። ከአ.አ.፣ ከሚኒስቴሩ። ባሌ ይሁኔ ውጭ አገር ሄዶ በአንድ ልዩ ሙያ እንዲማር ተፈቅዶለታል። ሦስት ዓመት። ስሙ ተሞልቷል፣ ፎቶግራፉ ተለጥፏል፣ ማኅተሙ ተመትቷል። የቀረው አንድ መስመር ነው። አንድ! «የሚመረጠው ልዩ ሙያ፣ አንድ ብቻ» ይላል። እስከ ኅዳር 14 መሄድ አለበት፤ ካለፈ ዕድሉ ለሌላ ይሰጣል።

እንግዲህ ያቺን መስመር ነው በእርሳስ እየጻፈ በላጲስ የሚፍቃት። ባለፈው ሰኞ ሕፃናት። ሐሙስ ቆዳ። ቆዳ! ደብረ ማርቆስ ላይ ለቆዳው ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ማነው? ዛሬ ጧት ደግሞ ቀዶ ጥገና።

የምንፈልገው የታወቀ ነው። ተመልሶ ሲመጣ የራሳችንን ክሊኒክ እንከፍታለን። አባቴ የተወልኝ ቤት አለ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ሦስት ክፍል፣ በሩ ወደ መንገድ። ተከራዩን ካስወጣሁ ስድስት ወር። ባዶውን ቁጭ ብሏል። በየሳምንቱ ሄጄ እጠርገዋለሁ። አንዱ መጠበቂያ፣ አንዱ መመርመሪያ፣ አንዱ መድኃኒት ማስቀመጫ ብዬ በሐሳቤ ወንበሩን ሁሉ ደርድሬ ጨርሻለሁ። የሚቀረኝ በሩ ላይ የምጽፈው የሙያው ስም ነው። እሱ ደግሞ በግል ሲሠሩት ሰው ፈልጎ የሚመጣበት ሙያ የቱ ነው እያለ ሲያምጥ ይውላል።

አቤት ምጥ። ሴት ብትሆን እስካሁን መንታ ትወልድ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 18

ቀዶ ጥገና ተሰረዘ።

ትናንት ሆስፒታል የሰው ሆድ ከፍተው ሳሉ መብራት ጠፋ። ይሁኔ በባትሪ ጨረሰው፤ ባትሪውን የያዘለት ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር፣ አቶ ምናለ ነው። ሰውየው ድኗል፣ ተመስገን። ባሌ ግን አልዳነም። ዛሬ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ላጲስ። በግል ቤት ጄኔሬተር ከየት አመጣለሁ፣ የሚያደነዝዝ ባለሙያ ከየት፣ ደም ከየት፣ ይላል እየተንጎራደደ። እሺ፣ ልክ ነው። ግን ሰኞ ዕለት ይኼን አያውቅም ነበር?

አቶ ምናለ አብሮት መጥቶ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ግን አፉን ሲከፍት ተስፋ ያስቆርጣል። ይሁኔ ማኅፀንና ፅንስ ባጠናስ አለው። አቶ ምናለ በየሰፈሩ አዋላጅ እንዳለች፣ ሴት ወደ ወንድ ሐኪም የምትመጣው በቃሬዛ ብቻ እንደሆነ አስረዳው። ጉሮሮስ? እንጥል ቆራጩ ገበያ ላይ ሰው ተሰልፎለት ይውላል። አጥንት? ወጌሻ። አእምሮ? ጠበል። ዶክተር፣ ማርቆስ ላይ ባለቤት የሌለው በሽታ የለም፣ ሁሉም ተይዟል፣ ለእርስዎ የቀረ የለም ብሎ ሳቀ። ይሁኔም ሳቀ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅኩት።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ቅጹን አየሁት። «ማኅፀ» ብሎ ጽፎ መሃል ላይ አቁሟል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 20፣ 11 ሰዓት

ዛሬ የእማማ ቀን ነበር።

ይኼን ላንቺ እንኳ ጽፌልሽ አላውቅም። እማማ የሻረግ፣ አማቴ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከይጁቤ መጥተው እኛ ዘንድ ነው ያሉት። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ፣ እኔ ከማስተምርበት ት/ቤት ስመለስ፣ ይሁኔ ሳይመጣ፣ ጓዳ እንገባለን። በሩን እዘጋለሁ። መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ራሳቸውን ሆዴ ላይ አስደግፌ ወረንጦዬን አወጣለሁ። የዓይናቸው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየበቀለ ይወጋቸዋል። አንድ በአንድ እነቅልላቸዋለሁ። እህ ይላሉ። ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ እሰይ፣ ተገላገልኩ፣ ተባረኪ ይሉኛል። ለሁለት ሳምንት።

ይሁኔ አያውቅም። የማርቆስ ሐኪም! እናቱ ናቸው፣ አንድ ማዕድ ነው የምንበላው፣ አያውቅም!

አስምለውኛል። ተጋብተን ሁለት ወር ሳይሞላን፣ ማተቤን አስይዘው። እኅት ነበሯቸው። ሐኪም ነኝ የሚል አንድ ዟሪ ቀዬው መጥቶ የዓይኗን ቆብ ቆረጠው። አልከደን አላት። ስትተኛም ተገልጦ እያደረ፣ ዓይኗ ደርቆ ጠፋ። ስለዚህ ቢላ አይወዱም። ሕጋቸው እንዲህ ነው፦ ልጄ ካወቀ ልቁረጥሽ ይለኛል፤ ልጄን እምቢ ማለት አልችልም፤ ስለዚህ አይወቅ። እሱ ሲመጣ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለስ ያደርጉና ጭሱ ነው ይላሉ። እሱም አምኖ ማድ ቤቱ ላይ የጭስ ማውጫ አሠራላቸው። ጎረቤት ተጠራርቶ መጥቶ አየው። እንዲህ ያለ ልጅ ይውለድ ተባለ።

ዛሬ ደግሞ ጉድ ስሚ። ገና ከጓዳ ስወጣ እሱ ከች አለ፣ ደስ ብሎት። መላ አግኝቷል። የሆስፒታሉን የበሽተኛ መዝገብ ሲያገላብጥ ዋለ፤ በምን በሽታ ስንት ሰው እንደመጣ እያየ ነው ሙያውን የሚመርጠው። ሳንባ ብዙ ነው። ሆድ ብዙ ነው። ዓይን ግን የለም፣ ስለዚህ ዓይን ከምርጫው ወጣ። የጎጃም ሰው ዓይኑ ጤነኛ ነው አለኝ፣ እጁን እየታጠበ።

ውሃውን የማፈስለት እኔ ነኝ። ወረንጦው በሽርጤ ኪስ ነው። ፎጣውን አቀበልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 21

የማርያም ማኅበር። ዛሬ ተረኛዋ እትዬ አልጋነሽ ነበረች፣ ጎረቤታችን።

ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ሴቱ ወደ ደጅ ወጣ፣ ፀሐይ ወዳለበት። ወረንጦ ከየጉያው ወጣ። አንዷ የአንዷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ትነቅላለች። ስንት ዓመት ያየሁት ነገር ነው። ዛሬ ግን የትናንቱ መዝገብ ጆሮዬ ላይ ስላለ እንደ አስተማሪ ቆጠርኩ። ያልተነቀለልን እኔና ሁለት ሙሽሮች ብቻ ነን። ሌላው ሁሉ። ሁሉ! ከሮብ ገበያ ለዘመድ ጥየቃ የመጣች እንግዳ ሳትቀር ራሷን ሰጠች።

ለዚህ ነገር ሐኪም ቤት ሄዶ የሚያውቅ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሣቅ በሣቅ ሆኑ። ለፀጉር ሐኪም ቤት? እናንተዬ፣ ነገ ለጥፍራችንም ልንሄድ ነው አለች አልጋነሽ። እማማ የሻረግ በነጠላቸው ሥር ጎሸም አደረጉኝ።

ሲመሽ ከማኅበርተኞቹ ሁለት አሮጊቶችን እጃቸውን ይዘን ነው የሸኘናቸው። መንገዱ አይታያቸውም። ስታረጂ እንዲህ ነው ይላሉ። የእርጅና ነገር ነው ብለን ተለያየን።

ቤት ስመለስ አላስችል አለኝ። ለይሁኔ ገሚሱን ነገርኩት። የማኅበሩ ሴት ሁሉ ዓይኗን ያማታል አልኩት። እማማን አላነሣሁም። ትራኮማ ይኖራል፣ ጨርሶ የለም አላልኩም፣ ቅባት አለው አለኝ። ብሶባቸው ቢሆን ይመጡ ነበር፤ ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት ይመጣል፤ መዝገቡ ላይ የሉም። እንዲህ ሲል የያዝኩትን ሳህን ግንባሩ ላይ ብሰብረው ደስ ባለኝ። ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት ይመጣል! የት አገር ነው ያደገው ይኼ ሰውዬ?

ጋደም ብዬ ሳስበው እኮ ከሁሉ የሚሻለው ዓይን ነው። ለዓይን ጄኔሬተር አይፈለግም። የሰው ደም አይፈለግም። ንጹሕ ክፍል፣ ጥሩ መስኮት፣ ጥሩ እጅ። በሽተኛው በእግሩ መጥቶ በእግሩ ይሄዳል። ደግሞ አንዷ ከዳነች ማኅበሩ በሙሉ ይከተላል። የአባቴ ቤት ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው። ይኼን አስረድቼ እንዳልነግረው ግን ነገሩ ዞሮ ዞሮ እማማ ላይ ይመጣል። አንቺስ በምን አወቅሽ ይለኛል። ተያዝኩ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 24

ራጅ። ዛሬ ደግሞ ራጅ ነው። መሣሪያውን ማን እንደሚገዛለት አልነገረኝም።

ክፍል ውስጥ የጤና አጠባበቅ ትምህርት ነበረኝ። ርእሱ «ዓይናችንን እንጠብቅ»። ሰሌዳው ላይ ትልቅ ዓይን ሣልኩ፣ ከነሽፋሽፍቱ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ እናቴ የዓይኗን ፀጉር በወረንጦ ትነቅላለች፣ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ አለችኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። ነገ እንማረዋለን ብዬ አለፍኩ። አሁን ይኼ አስተማሪነት ነው?

ዓርብ፣ ኅዳር 4

ያው ዓርብ። ያው በርጩማ። ፀጉሩ ቶሎ ቶሎ እየበቀለ ነው፣ ነጭና ቀጭን፣ ለማየትም ያስቸግራል። በቀኝ ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር አየሁ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል። ድሮም ነበረ ይላሉ። አልነበረም። የማውቀው እኔ ነኝ።

ከመሐላው ይፍቱኝ ብዬ ለመንኳቸው። ጉልበታቸውን ይዤ። ልጄ፣ አንቺ ማተብሽን ብትበጥሺ እኔ ጓዜን ጠቅልዬ ይጁቤ እገባለሁ አሉ። ረጋ ብለው ነው ያሉት፣ ሻሻቸውን እያሰሩ። ደረቅ ሴት! ልጁስ ከማን ወጣ።

ቅጹ ተቀደደ። እሱ ራሱ ነው። ከመፋቅ ብዛት መስመሯ ሳስታ ሳስታ በመጨረሻ ላጲሱ በወዲያ በኩል ወጣ። ይዞት መጥቶ እንደ ልጅ ፊቴ ቆመ። ሌላ ቅጽ የለም፣ ከአ.አ. አንድ ብቻ ነው የላኩት። ዱቄት በጥብጬ ከጀርባው ወረቀት ለጠፍኩበት። ከእንግዲህ አንዴ ብቻ ነው የሚያስጽፍህ፣ ያውም በቀለም፣ አልኩት። እሺ አለ። ማታውን ይኼን ሳስብ ትንሽ ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12፣ 10 ሰዓት

በሩን ዘግቼ ነው የምጽፍልሽ።

ኅዳር ሲታጠን ነው ዛሬ። ከጧት ጀምሮ በየደጁ ጥራጊ ይነዳል፣ ማርቆስ በጭስ ታፍናለች። ይሁኔ ይኼን ቀን ሲወደው! በሽታን የሚያባርር ባህል ነው ይላል። አካፋ ይዞ፣ የግቢውን ቅጠልና ጉድፍ ሁሉ ከምሮ አቀጣጠለው። ያ የጭስ ማውጫ ምን ያደርጋል፣ ጭሱ በመስኮት በበር ገባ።

እማማ ጓዳ ጠሩኝ። ዓይናቸው ይጎርፋል። ቀናቸው ገና ነው፣ ስምንት ቀን እንኳ በቅጡ አልሞላውም፣ ግን አልቻሉም። አሁኑኑ ንቀይልኝ አሉ። ብርሃን የለም አልኩ። ንቀይልኝ። የእኔም ዓይን ያለቅሳል፣ በጭሱ አላይም። ነቀልኩ። ተሰበረ። ሌላውን ያዝኩ። ተሰበረ። ሲሰበር እኮ ጉቶው ይቀራል፣ ከሙሉው የባሰ ይወጋል፣ እንደ መርፌ። ይኼን አውቃለሁ። እያወቅሁ ቀጠልኩ፣ ጉቶውን ላወጣ ብዬ ቆዳውን ያዝኩት። ደማ።

ድምፅ አላሰሙም። የእጄን አንጓ ያዙና ተይ አሉ፣ በሹክሹክታ። ልጃቸው ከመስኮቱ ማዶ እሳቱን እየቆሰቆሰ ያንጎራጉራል።

አሁን ተኝተዋል። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌላቸዋለሁ። ምን ዓይነት ቤት ነው ይኼ? ሐኪሙ ደጅ፣ በሽተኛዋ ጓዳ፣ እኔ መሃል ላይ ወረንጦ ይዤ!

እሑድ፣ ኅዳር 13

ነገርኩት።

እማማ ጧት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግድግዳውን እየዳበሱ ነው የገቡት። ምሳ ላይ ውሃ ልቅዳልሽ ብለው ከብርጭቆው ውጭ ቀዱት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አላዩትም። ይሁኔ ፊቱን ቅጹ ላይ ደፍቶ ነበር፣ እሱም አላየም። ቀስ ብዬ በጆሯቸው ጠየቅኳቸው። በቀኙ ነጭ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ እንደ ጉም፣ ነገ ይሻለኛል አሉ።

ነገ! ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

ይሁኔ ቀለም አውጥቶ፣ ብዕሩን ነክሮ፣ ሕፃናት ብሎ ሊጽፍ ነው። በመጨረሻው ቀን ዋዜማ ቆርጦ። ወረንጦውን ከኪሴ አውጥቼ መስመሯ ላይ አስቀመጥኩት። ምንድነው አለኝ። አቶ ምናለ መቁጠር የረሳው ባለሙያ ነው አልኩት። ለሁሉ በሽታ ባለቤት አለው ብሎህ አልነበር? የዓይኑ ባለቤት ይኼ ነው። መዝገብህ ላይ የሌሉት ሴቶች በሙሉ እዚህ ነው የሚታከሙት። እናትህም አራት ዓመት ሙሉ በእኔ እጅ።

ብዕሩን አስቀምጦ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ጓዳ ገባ። እማማ በነጠላቸው ተሸፈኑ። በነጠላቸው ሥር ሆነው ማተብ የለሽ አሉኝ። ይኼን እስክሞት አልረሳውም። ይሁኔ ተንበርክኮ፣ እማዬ፣ እማዬ፣ ቆይ፣ አልነካሽም፣ ላይ ብቻ ነው እያለ ነጠላውን ገለጠ። የዓይናቸውን ቆብ በክብሪት እንጨት ገልብጦ አየ። ቀኙን። ግራውን። ደግሞ ቀኙን።

ከዚያ ወጥቶ ደጃፉ ላይ፣ የጭስ ማውጫው ሥር ቁጭ አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀኙ አይመለስም አለኝ። ግራውን ማዳን ይቻላል፣ ቆቡ ቶሎ ተቀዶ ከተገለበጠ፣ ትንሽ ሥራ ነው። ትናንት እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ ያደማሁት እኔ ነኝ አልኩት። ጠባሳው የብዙ ዓመት ነው፣ ያንቺ የትናንቱ ብቻ አይደለም አለኝ። ብቻ አይደለም አለ እንጂ አይደለም አላለም። ከዚያ ሽቅብ አየና፣ የጭስ ማውጫ ሠራሁላት እኮ አለ። ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣ የጭስ ማውጫ። አቅፌው ብዙ ቆየን።

ግን አንቺ ደብተር፣ በዚህ ቤት ነገር በአንዴ አያልቅም። ይሁኔ ይኼን ቀዶ ጥገና አያውቅበትም። ተማሪ ሳለ አንዴ ቆሞ አይቷል፣ በቃ። በእናቴ ዓይን ላይ አልማርም አለ። ነገ አ.አ. ትሂድ። እማማ ደግሞ ሌላ ሰው አይነካኝም አሉ። አንተ ተምረህ ና፣ እኔ እጠብቅሃለሁ። ሦስት ዓመት ነው እማዬ። እጠብቃለሁ። ዓይንሽ አይጠብቅም። እጠብቃለሁ አልኩህ! ይሄ ደግሞ እንደለመደው መንጎራደድ ጀመረ። እንዲህ ቢሆን፣ እንዲያ ቢሆን።

ያኔ ጮህኩ። በእማማ ላይ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። ራስዎን ሆዴ ላይ አስደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ያንን ዓይን ከልጅዎ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ አብሬዎት እሄዳለሁ፣ አጠገብዎ እቆማለሁ፣ ራስዎን እይዛለሁ፤ የሐኪሙ እጅ ቢንቀጠቀጥ እጁን እመታዋለሁ! ይሁኔ አፉን ከፍቶ አየኝ። እኔም ደነገጥኩ።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ ማክሰኞ ጾም ይገባል፣ እዚያ ሆስፒታል ወተት ጠጪ ብለው ያስገድዱኛል ወይ አሉ። አያስገድዱም አልኩ። ማይልኝ አሉ። ትናንት ያደማሁት ዓይን ዳር እንባ ነበር።

ማልኩ። እንግዲህ ይኼኛውን አልበጥሰውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 14፣ ጧት፣ አውቶቡስ ውስጥ

መኪናው አልተነሣም፣ ሰው ይጭናል። ለዳይሬክተሩ ፈቃድ የምጠይቅበትን ወረቀት በአልጋነሽ ልኬአለሁ። እሷም ስትሸኘን እማማን አቅፋ፣ እውነት ከዳኑ ይላኩብኝ፣ እኔም እመጣለሁ አለች በቀስታ።

ይሁኔ ቅጹን የሞላው ቆሞ ነው፣ ካፖርቱን ለብሶ። አልተንጎራደደም፣ አልጠየቀኝም። «ዓይን» ብሎ ጻፈ። የለጠፍኩበት ቦታ ላይ ቀለሙ ትንሽ ተነካካ እንጂ ይነበባል። ቀኑ ዛሬ ስለሆነ ፖስታ ቤት አላመነም፣ በእጅሽ አድርሺ ብሎ ሰጠኝ። እዚህ አንቺ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት፣ በሁለት ገጽ መሃል። ቀለሙ ገጽሽን ነክቶታል። አይዞሽ።

መስኮቱ ሥር ቆሞ እናቱን እማዬ፣ ስመለስ በዚያው በግራው ታዪኛለሽ አላቸው። የዓይን ነገር ስትማር ጥድፍ ጥድፍ አትበል፣ ረጋ ብለህ ተማር አሉት። አልቅሶ ሳቀ።

ተነሣን። ይንጠኛል።

የአባቴን ቤት አሁን አለፍነው። በሩ ዝግ፣ ደጃፉ እንደጠረግኩት። እማማ ምንድነው ያለፍነው አሉኝ፣ ዘወር ማለቴን አውቀው። ክሊኒካችን ነው አልኳቸው። አንገታቸውን አዙረው በግራ ዓይናቸው ለማየት ሞከሩ። አልፈነው ነበር። ስንመለስ አየዋለሁ አሉ።

ከዚያ እጄን ያዙና፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ቢበቅልብኝ፣ ወረንጦውን ይዘሻል ወይ አሉኝ።

ይዣለሁ አልኳቸው። ዋሸሁ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከላጲሱ አጠገብ ትቼዋለሁ።